ወደ ኋላ የሚራመዱ ሹማምንት

ይህችን አገር ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን በከንቱ አያድክም። በመሃሏ ወንዝ ያልፋል። ከወንዙ ወዲህ ያለው መንግሥት ላይ ግቢ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ማዶ ግቢ ይባላል። በበረሃው ጫፍ ሦስተኛ ግቢ ነበረ የሚሉም አሉ፤ ስም ጠሪ የሌለው፣ የምትፈልገውን በቃልህ ይዘህ ካልመጣህ እስክታረጅ ድረስ ዝም ብሎ የሚያይህ ግቢ። ከዚያ ተመልሶ የመጣ ስለሌለ እሱን እንተወው።

በሁለቱ ግቢዎች ሰው ማንኛውንም ነገር በገዛ እጁ ማድረግ አይፈቀድለትም ነበር። አጥር ማጠር፣ ልጅ መዳር፣ በሬ መሸጥ፣ ሙት መቅበር፣ ሁሉም በግቢው በኩል ያልፋል። ግቢ የሄደ ሰውም የመጣበትን ጉዳይ አይናገርም፤ መናገር ነውር ነው። ቆሞ ይሰማል። ስም ጠሪው ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መዝገብ! ማረም! ማየት! መስኮት! እርዳታ!» ብሎ ይጠራል። የሚታረም ነገር ያለው ሰው «ማረም» ሲባል ወደ ማረም አዳራሽ ይገባል። እዚያ ሌላ ስም ጠሪ ቆሞ ከማረም ሥር ያሉትን ስሞች ይጠራል፤ ከእነዚያም ሥር ሌላ አዳራሽ፣ በዚያም አዳራሽ ሌላ ስም አለ። የፈለገው ስም ሲጠራ ያዛጋ ሰው አለፈው፤ ወጥቶ ከውጭው በር ይጀምራል። በአዳራሾቹ ውስጥ ተዋውቀው የተጋቡ፣ ወልደው ክርስትና ያስነሡም አሉ። እርዳታ በሚባለው አዳራሽ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሹም ተቀምጧል፤ ለገባው ሁሉ «ረዳሁህ ወይ?» ይላል፤ ሌላ ሥራ የለውም።

በውጭው በርና በየአዳራሹ ደወል ድንጋዮች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ብዙ ትንንሽ፣ ከግርጌም አንድ ትልቅ። ስም ጠሪው አንድ ስም በጠራ ቁጥር ግራ እጁን ትልቁ ድንጋይ ላይ ይጭናል፤ ሳያነሣ በቀኙ ከትንንሾቹ አንዱን ይመታል። ያን ጊዜ ሕዝቡ አቀርቅሮ ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይሸፍናል። የድንጋዩ ድምፅ የንጉሡ ትንፋሽ ነው፣ ተራ ሰው ከሰማው ያብዳል ተብሎ ተነግሮታልና። ድንጋይ ሰምቶ ያበደ ሰው ማንም አይቶ አያውቅም። ጆሮውን ያልሸፈነ ሰውም ማንም አይቶ አያውቅም።

የጌቶች አሽከሮች ግን አዳራሽ አይገቡም። ከበቅሎ ሳይወርዱ ትልቁን ጫን፣ ትንሹን መታ አድርገው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። ሕዝቡም ጆሮውን እንደያዘ «ዘር ነው» ይላል።

በዚያ ወንዝ ላይ አንዳርጌ የሚባል ሰው ታንኳ እየቀዘፈ መንገደኛ ያሻግር ነበር። አዲስ ታንኳ አሠራ። ታንኳ በማዶ ግቢ መዝገብ ካልተቀመጠ ውኃ ስለማይነካ፣ ተሸክሞት ማዶ ሄደ። ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ሹሙ ፊት ደረሰ። ሹሙ ማስቀመጥ የተባለውን ድንጋይ ሊመታ እጁን ሲሰነዝር አስነጠሰው። እጁ ቀጥሎ በተሰቀለው ድንጋይ ላይ አረፈ። ቀጥሎ የተሰቀለው ማስወገድ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ታንኳዬን ላስቀምጥ ነው የመጣሁት» አለ አንዳርጌ።

«መጀመሪያ ይማርዎት ይባላል» አለ ሹሙ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ይማርዎት፣ ጌታዬ። አሁንስ?»

«አሁንማ ተመታ። ሹም ተሳሳተ የሚል ስም በየትኛው አዳራሽ ሲጠራ ሰምተሃል?»

ዘበኞች አንዳርጌን ከነታንኳው አንሥተው መጣያ ቤት ጣሉት።

መጣያ ቤት በግቢው ጀርባ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ አዋጅ፣ እከክ የያዘው ፍየል፣ የተወገደ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ነው። እዚያ ያለ ነገር ተጣለ እንጂ ጠፋ አይባልም፤ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ጉድጓዱ ሲሞላ ግን በስተገደሉ በኩል ያለው መዝጊያ ይከፈትና ያለው ሁሉ ይደፋል። የተደፋን የሚመልስ ስም በየትኛውም አዳራሽ አይጠራም።

የአንዳርጌ ሚስት ትርንጎ ነገሩን ከመንገደኞች ሰማች። የላይ ግቢ ሰው ስለነበረች መጀመሪያ የሄደችው ላይ ግቢ ነው። ሕጉ «የተጣለን ሰው የሚጠይቅ የወለደው ነው» ስለሚል የባሏን እናት እማማ ይመናሹን ይዛ መሄድ ነበረባት። የእማማ ይመናሹ ጉልበት ደግሞ አልታዘዝም ካለ ቆይቷል። ትርንጎ በጀርባዋ አዘለቻቸው።

«ቀስ በይ እንጂ! ጭድ የጫንሽ መሰለሽ?»

«ጭድ ቢሆኑማ ለበቅሎ ሰጥቼዎት ባረፍኩ ነበር፣ እማማ።»

«አፍሽ! ልጄ ለአፍሽ ነው ያገባሽ መሰለኝ። ለወጥሽስ እንዳልሆነ ቀምሼ አውቀዋለሁ።»

እንዲህ እየተባባሉ ማረም አዳራሽ ገቡ። ስም ጠሪው «መመለስ!» ብሎ ጠራና እጁን ወደ ድንጋዩ ሰደደ። ሕዝቡ አቀረቀረ። እማማ ይመናሹ ጆሯቸውን ሸፈኑ። ትርንጎ ግን ሁለት እጇ የአሮጊቷን እግሮች ይዟል። ድንጋዩ ተመታ።

ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና እብደቱን ጠበቀች። እብደቱ ቀረ።

«እማማ፣ ሰማሁት።»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን።»

«ውይ ልጄን! መጀመሪያ አውርጂኝ፣ ከዚያ እበጂ!»

«አላበድኩም። ዝም ይበሉና ልስማ።»

ከዚያ ወዲያ ትርንጎ የምትሰማው ስሙን ሳይሆን ምቱን ሆነ። ስም ጠሪው መመለስ ሲል ሁልጊዜ በማዕዘን ያለውን ትልቁን ተጭኖ፣ ከታችኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ትንሽ ድንጋይ ይመታል። መክፈት ሲል ሌላ፣ መዝጋት ሲል ሌላ። አሽከሮቹም ከበቅሎ ላይ የሚመቱት ያንኑ ነው። ምስጢር ነው የተባለው ነገር በየቀኑ፣ በየስሙ ጀርባ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲነገር ኖሯል። ሕዝቡ ጆሮውን ሸፍኖ ነው እንጂ።

ወጥታ አሮጊቷን ከግንቡ ሥር አስቀመጠችና በውጭው በር ያለውን ትልቁን ድንጋይ ተጭና ትንሹን መታች። በዚያች ቅጽበት አንድ ሹም ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጦ ምሳውን ሊጀምር ነበር። የሹም መቀመጥም በግቢው በኩል የሚፈጸም ሥራ ነው። ሹሙ ተነሣ፣ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ደረጃውን ወጣ፣ በጀርባው በሩን ገፍቶ ገባ።

«ማነው ያስነሣኝ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

እማማ ይመናሹ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ የሆነው ገብቷታል። ድንጋዩ የሚመልሰው የፈለግሽውን ሳይሆን መጨረሻ የተሠራውን ነው።

የላይ ግቢው በረኛ ጉዳያቸውን ሲሰማ፣ «የዚህ ግቢ ድንጋይ ወንዝ አይሻገርም፤ ልጁ ማዶ ነው የተጣለው፣ ማዶ ሂዱ» አላቸው። ሄዱ።

በማዶ ግቢ አደባባይ ጠጂቱ የምትባል ሴት ከልጇ ከምትኩ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ቂጣ ትቆርሳለች። ምትኩ ጎልማሳ ነው፤ ትናንት ከመጣያ ቤት የወጣ በመሆኑ ብርሃኑ ገና እያጥበረበረው በእጁ ዓይኑን ይከልላል። መውጫ የሚለው ስም እስኪጠራላቸው ነው የሚጠብቁት። ጠጂቱ አሮጊቷን ያዘለችውን ሴት ስታይ ተነሥታ ተቀበለቻት።

«ነይ እኅቴ፣ አሳርፊያቸው። ማን ተጥሎብሽ ነው?»

«ባሌ።»

«እኔ ስገባ ፀጉሬ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር» አለች ጠጂቱ፣ የሸበተውን ራሷን እያሳየች። «በሁሉም አዳራሽ አልፌያለሁ። ስሞቹን ከዳዊት በላይ ነው የማውቃቸው። ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ በአዳራሽ በኩል አትደርሽም። ጉድጓዱ ሊሞላ አንድ ክንድ ነው የቀረው ብሎኛል ልጄ። ሰዎቹ ፍየሎቹ ላይ ቆመው ነው የሚያድሩት።»

ለእማማ ይመናሹ ከቂጣው ትልቁን ቆርሳ ሰጠቻቸው።

ትርንጎ ቂጣዋን ሳትጨርስ ወደ በሩ ሄደች። ላይ ግቢ እንደለመደችው በማዕዘኑ ያለውን ድንጋይ ተጭና ትንሹን መታች። የአዳራሾቹ በሮች በሙሉ ድርግም ብለው ተዘጉ። ከውስጥ የሰው ጩኸት ተሰማ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ከወንዙ ወዲያ ነሽ አይደል? ከወዲያ የመጣ አሽከር ሁሉ መጀመሪያ በር ይዘጋብናል። የእኛ ትልቁ ድንጋይ ማዕዘን ላይ አይደለም ብለን ስንት ጊዜ እንናገር? ከመሃሉ አጠገብ ያለው ነው! የየትኛው ጌታ ቤት ነሽ?»

«የአንዳርጌ» አለች ትርንጎ።

ዘበኛው እንዲህ የሚባል ጌታ አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ግን ለዘበኛ አደጋ አለው። «ደግ ሰው ናቸው» አለና በሮቹን ሊያስከፍት ሄደ፤ በር መክፈትና መዝጋት ሥራ ተብሎ አይቆጠርም።

ስሞቹ እዚህም ያው ናቸው፤ ምቱ ነው የተለየው። ትርንጎ ከመሃሉ አጠገብ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ተጭና፣ ከታችኛው ረድፍ የመጀመሪያውን መታች።

በአደባባዩ ዳር በዚያው ጠዋት አልቆ የቆመ የግንብ አጥር ነበር። ሹማምንቱ ከየቢሯቸው በጀርባቸው ወጡ። የመረቁትን ምርቃት ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ፊተኛው አነበነቡ፤ ግንበኞቹ ወደ ኋላ እየተራመዱ ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቀሉ። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ቆመ። ጆሮውን መሸፈን የረሳው ያን ጊዜ ነው።

ደግማ መታች። አንዲት ሙሽራ ከበቅሎ ወርዳ፣ እያለቀሰች፣ ፊቷን ወደ ሙሽራው አድርጋ በጀርባዋ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሙሽራው የበቅሎውን ልጓም እንደያዘ ቀረ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኅቴ» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ። ዓይኗን ጨፍና ለሦስተኛ ጊዜ መታች።

የሰማችው የጠጂቱን ድምፅ ነው። ዓይኗን ስትገልጥ፣ ሁለት ሹማምንት በጀርባቸው እየተራመዱ ምትኩን በብብቱ ይዘውት ነበር። ምትኩ ያኘከውን ቂጣ መዳፉ ላይ ተፋ። እናቱ ልብሱን ይዛ ተጎተተች። ልብሱ እጇ ላይ ቀረ፤ ልጇ ግን በግቢው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ፣ ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ፣ እየራቀ ሄደ።

ትርንጎ እጇን ከድንጋዩ አነሣች።

«ምቺ!» አሉ እማማ ይመናሹ ከተቀመጡበት። «አንድ ቢሆን ነው የቀረው፣ ምቺ!»

«የሰው ልጅ እኮ ነው፣ እማማ።»

«የእኔስ? የእንጨት ነው?»

ትርንጎ መታች።

አስነጥሶት የነበረው ሹም በጀርባው መጣ፤ ያስነጠሰውን መልሶ ወደ አፍንጫው ሳበ። ከጉድጓዱ አንዳርጌ ወጣ። ጢሙ እስከ ደረቱ ወርዷል፣ ታንኳውን በትከሻው ተሸክሟል። እናቱ በእንብርክካቸው እየዳሁ ሄደው እግሩን አቀፉት። እሱም ጎንበስ ብሎ ራሳቸውን ዳሰሰ።

ጠጂቱ የልጇን ልብስ እንደያዘች ወደ ትርንጎ መጣች። አልጮኸችም። በአዳራሾቹ ውስጥ የኖረ ሰው ጩኸት ስም ጠሪውን ከማደናቀፍ በቀር እንደማይፈይድ ያውቃል።

«እኅቴ፣ መድገም የሚባል ስም አለ» አለች። «የተመለሰውን ደግሞ የሚፈጽም። ድምፁን እኔ አልሰማሁትም፤ አንቺ ትሰሚዋለሽ።»

በተከፈተው የማረም አዳራሽ በር በኩል የውስጡ ስም ጠሪ እንደወትሮው ሲጠራ ይሰማ ነበር። «መድገም!» አለ፤ ትልቁን ተጭኖ ከትንንሾቹ አንዱን መታ። ትርንጎ ሰማችው። ስም ጠሪው ቀጠለ፤ «መድገም ከፊተኛው ይጀምራል! አዲስ ሥራ ከተሠራ የመድገም መንገድ ይዘጋል!»

«ከፊተኛው ነው የሚጀምረው» አለች ትርንጎ። «ፊተኛው የእኔ ነው። ብመታው መጀመሪያ የሚገባው ባሌ ነው።»

«አውቃለሁ። ከእሱ ቀጥሎ የእኔ ልጅ ይወጣል። ሙሽራዪቱም ትመለሳለች። አንቺ ደግሞ እንደ እኔ አዳራሽ ትገቢያለሽ። መንገዱን አሳይሻለሁ፤ የትኛው አዳራሽ ውኃ እንዳለው፣ የትኛው ስም ጠሪ እንደሚፈጥን። ብቻሽን አልተውሽም።»

«ጉድጓዱ አንድ ክንድ ነው የቀረው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ጠጂቱ ወደ ጉድጓዱ በኩል ዞር ብላ አየች።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ አንዳርጌ ታንኳውን እያወረደ። የሴትዮዋን እጅ አየ፤ በእጇ ያለውን ልብስ አየ። ልብሱን ያውቀዋል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው ስንት ጊዜ አድረዋል። «ምትኩስ?» አለ። ከዚያ ገባው። ሚስቱን ብቻ አያት።

«እንዳትነኪው!» አሉ እማማ ይመናሹ። «ትርንጎ፣ በወተቴ ይዤሻለሁ!»

ትርንጎ ግራ እጇን ትልቁ ድንጋይ ላይ ጫነች። ቀኝ እጇ አየር ላይ ቆመ። ልትመታ ነበር የሚሉ አሉ። ለጠጂቱ ሞከርኩ ለማለት ያህል ነው የጫነችው የሚሉም አሉ። እንደዚያ ቆማ ሳለች አንድ የጌታ አሽከር በበቅሎ መጣ፤ «እለፊ፣ እለፊ» አላትና ከጎኗ እጁን ሰዶ ትልቁን ጫን፣ ትንሹን መታ አደረገ። የጌታው በቅሎዎች የሚጠጡበት ገንዳ ፀሐይ ላይ ነበርና ወደ ጥላው እንዲዛወር ነው። ሁለት ሎሌዎች መጥተው ገንዳውን አዛወሩት።

አዲስ ሥራ ተሠራ። የመድገም መንገድ ተዘጋ።

ጠጂቱ ገንዳውን አየችው። ልብሱን አጣጠፈች፣ ብብቷ ሥር አደረገች፣ ወደ ውጭው በር ተመልሳ ከመጀመሪያው ስም ልትጀምር ቆመች።

ያን ቀን አደባባዩ ላይ የነበረ ሕዝብ ሁሉ ዓይቷል፣ ሰምቷል። በማግሥቱ የሙሽራው ዘመዶች መጥተው መቱ፤ ሊመልሱ የፈለጉት ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ ሆነ። የነዚያ ሰዎች ዘመዶች ደግሞ መጡ። ማዕዘኑንና መሃሉን ያምታቱ ብዙ በር ዘጉ፣ ሰው በመዝጊያ ተጨፈለቀ። የሚመለሰው ሁሉ የሚቀመጥበት ስላጣ ወደ መጣያ ቤት ተጣለ። በዚያው ሳምንት ጉድጓዱ ሞላ፤ የገደሉ መዝጊያ ተከፈተ። ጠጂቱ ያን ጊዜ ማረም አዳራሽ ደርሳ ነበር። ድምፁን በአዳራሹ ግድግዳ በኩል ሰማችው።

ዛሬ በሁለቱም ግቢ ሰው አዳራሽ አይገባም። ሕፃን ልጅ እንኳ ምቱን ያውቀዋል፤ የላይን ለላይ፣ የማዶን ለማዶ። ዘር ነው የሚል ቀርቷል። ድንጋይ ሲመታም ጆሮውን የሚሸፍን የለም። ሰው ትልቁን ተጭኖ ትንሹን ሊመታ ሲል ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞራል፤ አደባባዩ ላይ በጀርባው የሚሄደው ማን እንደሆነ እንዳያይ። ይህም ልማድ ሆነ፤ አሁን ልጆች ሲማሩት ጨዋነት ነው ተብለው ነው።

አንዳርጌ ታንኳውን ውኃ አላስነካውም። በመዝገብ ሳያስቀምጠው ቀረና ከደጁ ተደፍቶ ዶሮ ይሰፍርበታል። እማማ ይመናሹ ልጃቸውን ጠግበው ሞቱ፤ እስኪሞቱ ድረስ ቂጣ በቆረሱ ቁጥር ግማሹን ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ ያስቀምጡ ነበር።

ትርንጎ ጉዳይ ሲኖራት በውጭው በር ትገባለች። ባዶውን አዳራሽ ተሻግራ ከስም ጠሪው ፊት ብቻዋን ትቆማለች። ስም ጠሪው አርጅቷል፤ ሥራው ግን ስላልተሻረ አሁንም ይጠራል። «መመለስ!» ይልና እጁን ወደ ድንጋዩ ይሰዳል። ትርንጎ አቀርቅራ ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ትሸፍናለች።

አንድ ቀን ስም ጠሪው አዘነላትና ቀኝ እጁን አወረደ።

«እሜቴ፣ ያ ሁሉ ቀርቷል እኮ። አሁን ይፈቀዳል፤ ግድ የለም፣ ይስሙት» አላት።

«ሰምቼዋለሁ» አለችው።